ስፒከር ስትገዙ ቁጥሩ ይቅደም፣ ጆሮ ይፍረድ

ስፒከር ልገዛ ነው ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ ወዳጁ "ካርቶኑ ላይ ያለውን አንብብ፣ ዋቱን እይ" ይለዋል። ሌላው ደግሞ "ቁጥር ይዘፍናል እንዴ? ጆሮህን ስማ" ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን ሁለቱም የነገሩን ግማሽ ነው የሚነግሩት።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ በቁጥር አጣራለሁ። የማይሆነው ዕቃ ገና ሱቅ ሳልገባ ይወድቃል። ከዚያ የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት አማራጮች አዳምጣለሁ። ማዳመጡም ሥርዓት ይፈልጋል። እንዲያው በዘፈቀደ የሰማ ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። የእኔም ተታሎ ያውቃል።

መመሪያው የተጻፈው ለሳሎን የሚሆን ጥንድ ስፒከርና አምፕ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን ዕቃ) ለሚገዛ ሰው ነው። ለሄድፎን የሚለየውን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ።

1. መጀመሪያ ክፍሉን ለኩ

ሜትር ያዙና የሳሎኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ጻፉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ ክፍሉ ከስፒከሩ ባልተናነሰ ይወስነዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉት። ርዝመቱ 4 ሜትር ከሆነ፣ 343 ለ8 ሲካፈል 43 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 43 ንዝረት፣ ገደማ ይመጣል። 3.5 ሜትር ከሆነ 49 ሄርዝ ነው። በዚህ ድምፅ ላይ ክፍሉ ራሱ አብሮ ይጮኻል። ግድግዳው ሥር ሆናችሁ ስትሰሙት ይገዝፋል፤ መሃል ላይ ስትቆሙ ይጠፋል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ላይ ስለሆነ ነገሩ በየዘፈኑ ያጋጥማችኋል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ በደንብ ይመለከተናል። የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ቤዝን ብዙም አይውጥም፤ መልሶ ወደ ክፍሉ ይወረውረዋል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑም ድምፅ ይንጫጫል። ክፍሉ መሃል ቁሙና አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ "ትርርር" የሚል ጭራ ከሰማችሁ፣ ከስፒከሩ በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ግዙ። ምንጣፍ ግን ለቀጭኑ ድምፅ ነው የሚረዳው። ቤዙን የሚያስተካክለው አቀማመጥ ነው፤ እመለስበታለሁ።

2. የውሸቱን ዋት ጣሉ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ "3000 ዋት" ተብሎ፣ ከጎኑ በትንሹ "ፒኤምፒኦ" የሚል ካያችሁ፣ ቁጥሩን እንዳላያችሁት እለፉት። ፒኤምፒኦ ሁሉም የተስማማበት የአለካክ ደንብ የለውም። አምራቹ የፈለገውን ይጽፋል። አሜሪካ ውስጥ የአምፕ ዋት እንዴት ተለክቶ መጻፍ እንዳለበት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ምክንያቱም ያው የዋት ግነት ነበር። ግነቱ ዛሬም መርካቶ በየካርቶኑ ላይ አለ።

እናንተ የምትፈልጉት "አርኤምኤስ" የሚለውን ነው፤ ዕቃው ያለማቋረጥ የሚያወጣውን ዋት ይናገራል። ካልተጻፈስ? ዕቃውን አዙሩት። ከጀርባው ከመብራት የሚስበው ኃይል ተጽፏል። "220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 45 ዋት" ይላል እንበል። ከሶኬት 45 ዋት የሚስብ ዕቃ ያለማቋረጥ 3000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። 45ም አይሞላም፤ ከሚስበው ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህቺን አንዲት መስመር ማንበብ ከሻጭ ጋር ግማሽ ሰዓት ከመከራከር ታድናለች።

ደግሞም ዋት ሰው እንደሚያስበው ትልቅ ነገር አይደለም። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን "እጥፍ ጮኸ" የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፤ ለዚያ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ50 ዋቱ ይልቅ 60 ዋቱን ለመውሰድ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

3. አምፑና ስፒከሩ ይስማሙ

የስፒከሩ ወረቀት ላይ "ሴንሲቲቪቲ" የሚል ቁጥር አለ። ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይናገራል። አንዱ 84፣ ሌላው 90 ቢሆን፣ ባለ 90ው በ25 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 84ቱ ለማውጣት 100 ዋት ይጠይቃል። አነስተኛ አምፕ ካላችሁ ይህ ቁጥር ከዋቱ ይበልጣል።

ኦሙንም፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገረውን ቁጥር፣ እዩ። አምፑ ጀርባ "8 ኦም" ብቻ ከተባለ ባለ 4 ኦም ስፒከር አትሰኩበት። አምፑ ይግላል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

ዘመድ ከአሜሪካ ልኮላችሁ ከሆነ ከሁሉም በፊት የቮልቱን ጽሑፍ አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ከጀርባው መቀየሪያ ካለው ወደ 220 አዙሩት። ከሌለው በቂ ዋት ያለው ትራንስፎርመር ግዙለት። በጉጉት ዲቫይደር ላይ የተሰካ ባለ 120 አምፕ በአንድ ሰከንድ ሲቃጠል አይቻለሁ። ሽታው ከሳሎኑ ለመውጣት ሁለት ቀን ፈጀበት።

4. ግራፉን ፈልጉ

ዋናው ማጣሪያ ይህ ነው። "ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከጎኑ "ፕላስ ማይነስ 3 ዴሲቤል" (ድምፁ ከ3 ዴሲቤል በላይ ከፍ ዝቅ አይልም ማለት ነው) የሚል ከሌለ፣ ስፒከሩ 20 ሄርዝ ላይ በሹክሹክታ እንኳ ቢያወጣ መጻፍ ይችላሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ስፒከር 20 ሄርዝ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ከቁጥሩ የሚሻለው ግራፉ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ከወፍራም ድምፅ ወደ ቀጭን ይሄዳል። ወደ ላይና ወደ ታች ደግሞ የድምፁን ጉልበት ያሳያል። መስመሩ ለጥ ያለ ከሆነ ስፒከሩ የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወጣል ማለት ነው። 100 ሄርዝ አካባቢ ጉብታ ካለ ከበሮውና ቤዙ ያብጣሉ። 2 ኪሎ ሄርዝ ላይ ጎድጓዳ ካለ ዘፋኙ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ ላይ ሹል ጫፍ ካለ "ሰ"፣ "ሸ" እና "ጸ" ያለበት ቃል ሁሉ ጆሮ ይበሳል።

ጥሩ ግራፍ ከአንድ መስመር በላይ አለው። ከፊት ለፊት የተለካ አለ፤ ከጎን፣ በ30 እና በ60 ዲግሪ የተለካም አለ። የጎኑ መስመር ለምን ያስፈልጋል? ሳሎን ውስጥ የምትሰሙት ድምፅ አብዛኛው ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣ ነው። ግድግዳው ደግሞ የሚቀበለው በጎን የወጣውን ነው። የፊቱ መስመር ለጥ ያለ፣ የጎኖቹ ደግሞ ሳይንገጫገጩ ቀስ እያሉ የሚወርዱ ከሆነ ያ ስፒከር ወደ ዝርዝራችሁ ይግባ።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ፍሎይድ ቱል የሚባል ተመራማሪ ኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ለዓመታት ይህንኑ ሲያጠና ነበር። ሰዎች የትኛው ስፒከር እንደሚጫወት ሳያዩ እንዲያዳምጡና ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል። ከዚያ ያንኑ ስፒከር ላቦራቶሪ አስገብቶ ይለካዋል። ሰዎች ደጋግመው ከፍ ያለ ነጥብ የሰጡት ከፊትም ከጎንም መስመራቸው የተስተካከለ ስፒከሮችን ነበር። በኋላ ሐርማን ኩባንያ ውስጥ የሥራ ባልደረባው የሆነው ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2004 የ70 ስፒከሮችን ልኬት ብቻ ይዞ አድማጮች የሚሰጡትን ነጥብ ለመተንበይ ሞከረ። ትንበያው ከአድማጮቹ ነጥብ ጋር የነበረው ዝምድና 0.86 ሆነ። 1 ቢሆን ፍጹም መመሳሰል ነበር። ስለ ጣዕም ለሚነሳ ጥያቄ ይህ በጣም ትልቅ ቁጥር ነው።

ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ሌላ ሙከራ ደግሞ ጆሮን በተመለከተ አስገርሞኛል። 40 የኩባንያው ሠራተኞች አራት ስፒከሮችን አንዴ ሳያዩ፣ አንዴ እያዩ አዳመጡ። እያዩ ሲሰሙ ትልልቆቹና ያማሩት ነጥባቸው ከፍ አለ፤ ትንሹና ርካሹ ወረደ። የተለወጠው ዓይናቸው ያየው ብቻ ነው። ድምፁ ያው ነው።

እንግዲህ ግራፍ ማየት የሚያስፈልገው፣ ማዳመጥም ዓይንን ሸፍኖ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ገለልተኛ ሰው የለካው ግራፍ ከተገኘ እሱን ውሰዱ፤ ካልተገኘ የአምራቹን። አምራቹ ምንም ግራፍ ካላወጣ በእኔ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

5. በቁጥር ብቻ የሚገዛ

አምፑንና ስፒከሩን የሚያገናኘውን ገመድ በቁጥር ብቻ ግዙ። እስከ 5 ሜትር ርቀት ንጹሕ የመዳብ ገመድ፣ ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ይበቃል። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከውስጡ ነጭ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ተዉት። ከዚያ በላይ ለገመድ የምትከፍሉትን ገንዘብ ወደ ስፒከሩ አዙሩት። የአምፑን ነገር ሰባተኛው ላይ እነግራችኋለሁ።

6. ሱቅ ስትሄዱ

አምስት ዘፈን ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ጥራታቸው ጥሩ የሆነ፣ መቶ ጊዜ የሰማችኋቸው ይሁኑ። ከካሴት የተገለበጠ አሮጌ ቅጂ ለናፍቆት እንጂ ለሙከራ አይሆንም። አንዱ ብዙ መሣሪያ በአንዴ የሚጫወትበት ይሁን፤ የስፒከርን ጉድ ቶሎ የሚያወጣው እንዲህ ያለው ነው። አንዱ የሴት ድምፅ፣ አንዱ ቤዙ እየተራመደ የሚሄድበት፣ አንዱ ማሲንቆ ያለበት። አምስተኛው የእኔ ሁልጊዜ በገና ነው።

በገናን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በአውታሮቹና በመቀመጫቸው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ የሚነዝረው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው "ዝዝዝ" የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ስፒከሩ የተቀደደ እንዳይመስላችሁ፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ጥሩ ስፒከር ላይ እያንዳንዱ አውታር ሲመታ ለየብቻው ይሰማል፤ ንዝረቱም ከላዩ እንደ ጭስ ቀስ ብሎ ይነሳል። መጥፎው ላይ ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ ወፍራም ጉምጉምታ ይሆናል። ይህን ልዩነት ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም።

ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ "ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን ስማት" ብሎ አንዱን ስፒከር ከፈተልኝ። ቀጥሎ ሌላውን ከፈተ። ሁለተኛው ወዲያው ሙሉ፣ ሞቅ ያለ፣ ሕይወት ያለው ሆነብኝ። ከፈልኩና ይዤ ሄድኩ። ቤት ስከፍተው ቤዙ ክፍሉን ሞልቶ ቃል አላሰማ አለ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሁለተኛውን ሲከፍት ድምፁን ጨምሮት ነበር።

ከፍ ያለ ድምፅ ለምን ያማልላል? የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተውታል። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙን ከሌላው ይልቅ ይረሳዋል። ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙ ይመለሳል፣ ሁሉም ነገር የሞላ ይመስላል። ስለዚህ በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል የሚበልጠው ስፒከር "ጮክ አለ" ሳይሆን "ጥራት አለው" ይባላል። እናም ሱቅ ውስጥ እነዚህን ጠይቁ፦

– "ቤዝ ቡስት" እና "ላውድነስ" የሚሉት ቁልፎች ይጥፉ፤ የቤዝና የትሬብሉ (የቀጭኑ ድምፅ) ቁልፍ መሃል ላይ ይሁን።
– ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። ሁለቱም ስፒከሮች በምትቆሙበት ቦታ እኩል ዴሲቤል ያሳዩ፤ 75 አካባቢ ይበቃል። አፑ ትክክለኛ ባይሆንም ለማወዳደር ያገለግላል።
– ያው ዘፈን፣ ያው 30 ሰከንድ፣ ወዲያው ወዲያው እየተቀያየረ ይጫወት። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ሰምቶ ማወዳደር አይሆንም።

ሻጩ ለዚህ ትዕግሥት ከሌለው ሌላ ሱቅ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ "ቤቴ ሞክሬ ካልሆነልኝ በስንት ቀን እመልሳለሁ?" ብላችሁ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

7. ቤት ውስጥ፣ ዓይን ተሸፍኖ

መጀመሪያ አቀማመጥ። ስፒከሮቹን ከማዕዘን አውጡ፤ ማዕዘን ቤዝን ያሳብጣል። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁና ጀምሩ። የሁለቱ መራራቅና የእናንተ ርቀት ከሞላ ጎደል እኩል ይሁን፤ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። በሳጥኑ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ትዊተሯ፣ ተቀምጣችሁ ከጆሯችሁ እኩል ትሁን። የእናንተ ወንበር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነም ትንሽ ወደ ፊት ሳቡት። በየጊዜው 10 ሳንቲ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ያንኑ ዘፈን ስሙ። ልዩነቱ አንዳንዴ አዲስ ስፒከር ከመግዛት ይበልጣል።

ቀጥሎ ሙከራው። እኔ ያደረግሁት ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ሁለት ጥንድ ስፒከርና ሁለት አምፕ ከወዳጅ ተውሰን ነበር። ስፒከሮቹን ጎን ለጎን አቆምንና ከፊታቸው በገመድ ላይ ነጠላ ዘረጋን። ነጠላ ስስ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ጋቢ ሞክረን ነበር፤ ቀጭኑን ድምፅ ስላፈነው አወረድነው። "ፒንክ ኖይዝ" የሚባለውን፣ እንደ ፏፏቴ "ሽሽሽ" የሚለውን ድምፅ እያጫወትን በስልክ አፕ እኩል አደረግናቸው። እህቴ ሳንቲም እየወረወረች ታገናኛለች፣ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ "አንድ" ወይም "ሁለት" የወደድኩትን እላለሁ። ከአምስት ዙር በኋላ የስፒከሮቹን ቦታ አቀያየረች፤ የቆሙበት ቦታ እንዳያዳላ።

በስፒከሮቹ ላይ ጥርጥር አልነበረም። ከ10 ዙር 9 ጊዜ የመረጥኩት ያንኑ ጥንድ ነበር። ግራፋቸውም ለጥ ያለው እነሱ ነበሩ።

ከዚያ አምፖቹን ሞከርን። አንዱ ውድ ነው፤ በእርግጠኝነት ይበልጣል ብዬ ነበር። ስፒከሩ መሰኪያ ላይ በመልቲሜትር ቮልቱን እኩል አደረግን። መጀመሪያ ሁለቱንም እያወቅሁ ሰማሁ። ከዚያ ሳላይ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። ሲያልቅ እህቴ ወረቀቷን አየችና "ወንድም ጋሼ፣ 5 ነው ያገኘኸው" አለችኝ። ከ10፣ 5። ሳንቲም ብወረውርም የማገኘው ያንኑ ነው። በግምት ብቻ ከ10 ዙር 9 ወይም 10 የማግኘት ዕድል 1 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 9 ያላገኘሁበትን ልዩነት ገንዘብ አልከፍልበትም። አምፕን የምገዛው በዋቱ፣ በኦሙ፣ በቀዳዳዎቹ ብዛትና ከተማ ውስጥ ጠጋኝ በማግኘቱ የሆነው ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

እናንተም ብትሞክሩ ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ሁልጊዜ አምፑን አጥፉ። ስለ ውጤቱም እስኪያልቅ ድረስ አታውሩ።

8. የመጨረሻው ማዳመጥ ረጅም ነው

አጭሩ ሙከራ የትኛው እንደሚሻል ይነግራችኋል። አብሮ መኖርን አይነግርም። የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አንድ ሳምንት እንደወትሯችሁ አዳምጡ፤ ዜናውን፣ መዝሙሩን፣ ዘፈኑን፣ ፊልሙን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድምፁን የመቀነስ ፍላጎት ከመጣባችሁ፣ በተለይ ሰው ሲናገር፣ ቀጭኑ ድምፅ በዝቷል። ስፒከሮቹ ቀጥታ ወደ እናንተ ዞረው ከሆነ ትንሽ ወደ ውጭ አዙሯቸው። ካልተሻለ መልሷቸው።

ለሄድፎን

ሄድፎንን በሰው ጆሮ አምሳል በተሠራ መለኪያ ይለኩታል። ግራፉ እንደ ስፒከር ለጥ ያለ አይሆንም፤ የጆሯችንን ቅርጽ ስለሚጨምር 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ጉብታ ይኖረዋል፤ ያ ጤናማ ነው። በሄድፎን ቁጥር የማይነግራችሁ ትልቁ ነገር ልክነት ነው። ትራሱ ጆሮን ዙሪያውን ካልገጠመ ቤዙ ያመልጣል። መነጽር ያደረገ፣ ወይም ሹሩባ የተሠራች ሰው ግራፉ ላይ ያለውን ቤዝ ላታገኝ ትችላለች። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ሆናችሁ፣ መነጽራችሁንም አድርጋችሁ፣ 20 ደቂቃ ሞክሩት። ባለ 250 ወይም 300 ኦም ሄድፎን ለስልክ አትግዙ፤ ድምፁ ያንሳል። ከፍ አድርጋችሁ ለረጅም ሰዓት አትስሙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

ሳሎኑ ጋ እንመለስና አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ስፒከሮቹ ትክክለኛ ቦታቸውን ሲያገኙ በእያንዳንዱ ሥር፣ በአራቱም ማዕዘን፣ ወለሉ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ቅዳሜ ቤት ሲጸዳ መነሳታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ሜትር ሳትፈልጉ ወደነበሩበት ትመልሷቸዋላችሁ።